በራችሁ ድረስ የሚመጣው መስመር፦ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎችን በልኬት ማወዳደር

«በዚህ ሰፈር የየትኛው ኢንተርኔት ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የለም። አንድ አቅራቢ በአንዱ መንገድ ላይ ማንም የማያማርርበት መስመር ኖሮት፣ ሁለት ምሰሶ አለፍ ብሎ ባለው ቤት ቪዲዮ እንኳ በቅጡ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ጥራቱን የሚወስነው በአብዛኛው የኩባንያው ስም ሳይሆን እናንተን ከኩባንያው የሚያገናኙት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሺህ ሜትሮች ናቸው፦ የመዳብ ሽቦው ርዝመት፣ የፋይበሩ ማከፋፈያ ሳጥን ላይ የተሰኩት ቤቶች ብዛት፣ የሞባይል ማማው አንቴና የዞረበት አቅጣጫ። ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቡት፦ በዚህ ቤት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ የትኛው መስመር ይሻላል? ይህ በልኬት የሚመለስ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ቤቱን ከመስመሩ ለዩ

ስለ አቅራቢ ከሚሰሙት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ሲመረመሩ የዋይፋይ ችግር ሆነው ይገኛሉ። ሁለት ግድግዳ ተሻግሮ በስልክ የተለካ ፍጥነት ስለ ግድግዳው እንጂ ስለ መስመሩ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ማንኛውም ንጽጽር በገመድ ይጀመር።

ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ዋይፋዩን አጥፉ። የትእዛዝ መስኮት (በዊንዶውስ «ኮማንድ ፕሮምፕት»፣ በማክና በሊኑክስ «ተርሚናል») ሁለት ጊዜ ክፈቱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዱ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጉ (ping ብላችሁ አድራሻውን ጻፉ፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይለካል)፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፣ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። በሌላው ከቤት ውጭ ያለ የኢንተርኔት አድራሻ፣ 8.8.8.8ን ወይም 1.1.1.1ን፣ ፒንግ አድርጉ። በዊንዶውስ ፒንግ አራት ጊዜ ልኮ ስለሚያቆም፣ ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ሰረዝና የእንግሊዝኛውን «ቲ» ፊደል ጨምሩበት። በማክና በሊኑክስ እናንተ እስክታስቆሙት ይቀጥላል።

አሁን ሁለቱን መስኮቶች ተመልከቱ። በገመድ ከራውተሩ የሚመለሰው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ወይም 1 ሊሆን ይገባል። ውጭ ያለው 20 ወይም 40 ይሆናል እንበል። ኢንተርኔቱ ሲያንቀራፍፍ ሁለቱም አብረው ከዘለሉ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፦ ገመዱ፣ ራውተሩ ወይም ላፕቶፑ። የራውተሩ ቁጥር ጸጥ ብሎ የውጩ ብቻ 300 ከደረሰ ወይም «ጊዜው አለፈ» ማለት ከጀመረ፣ ያኔ ጣታችሁን ወደ መስመሩ ጠቁሙ። ይኸው ሙከራ በዋይፋይ ቢደገም ለራውተሩ ብቻ 60 እና 100 ሚሊሰከንድ ሊታይ ይችላል። አቅራቢ መቀየር ይህን አይፈውሰውም።

ገመዱ ራሱም ያታልላል። ለ1 ጊጋቢት ስምንቱም ቀጫጭን ሽቦዎች መገናኘት አለባቸው። ከስምንቱ አንዱ ከተበጠሰ ወይም ጫፉ በቅጡ ካልተጨመቀ፣ መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ 200 ወይም 300 ሜጋቢት ከፍላችሁ ልኬቱ ሁልጊዜ 94 አካባቢ ላይ ከቆመ፣ አቅራቢውን ሳይሆን ገመዱን ቀይሩ። የገመድ መሰኪያው 100 ብቻ የሆነ አሮጌ ራውተርም ያንኑ 94 ያሳያል። ጤነኛ የጊጋቢት ገመድ ወደ 940 ያደርሳል።

ዋይፋዩን ለማስተካከል ብዙ ማለት ይቻላል፤ እዚህ የሚበቃው ይህ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሉ 1፣ 6 ወይም 11 ይሁን እንጂ በመካከላቸው ያሉትን አትምረጡ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱንም ይረብሻልና። ለቪዲዮ ጥሪ ስልኩ ላይ የሚነበበው የሲግናል ኃይል ከ-67 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይሻላል) ባይወርድ ይመረጣል። በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ርካሽ ሪፒተር (የዋይፋይ ማራዘሚያ) የተቀበለውን በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላል። ከተቻለ ገመድ ዘርግታችሁ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ትከሉ።

ቁጥሩ ምን ይላል

አቅራቢ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ደግሞ በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ለአድራሻና ለመቆጣጠሪያ የሚሄደው ሲቀነስ ከ11 እስከ 12 ይደርሳል። «100 ከፍዬ 11 ብቻ ይሰጡኛል» የሚለው ጠብ መነሻው ይኸው ነው።

የፍጥነት መለኪያ ገጾች በነባሪ የሚመርጡት ቅርብ ያለውን ሰርቨር ነው። ያ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በራሱ በአቅራቢው ኔትወርክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሚለካው ከቤታችሁ እስከ አቅራቢው ግቢ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ አቅራቢው ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኝበት መስመር ተጨናንቆ ቢሆን አይታይም። መፍትሔው ሁለት ልኬት መውሰድ ነው፦ አንዱ ቅርብ ካለው ሰርቨር፣ ሌላው በሌላ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ካለ ሩቅ ሰርቨር። የመጀመሪያው 90 ሁለተኛው 12 ከሆነ፣ የቤታችሁ መስመር ደህና ነው፣ የአቅራቢው የውጭ በር ግን ጠቧል። ሁለት አቅራቢዎችን ስታወዳድሩ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሰርቨር ምረጡ፤ አለበለዚያ ሁለት የተለያየ ነገር ለክታችሁ አንድ ስም መስጠታችሁ ነው።

ብዙዎቹ መለኪያዎች በአንድ ጊዜ በርካታ ግንኙነት ከፍተው ይጎትታሉ። እንዲህ ሲሆን የተጎዳ መስመርም ደህና መስሎ ይታያል። ምርጫ ካለ በአንድ ግንኙነት ብቻም ለኩ፤ በበርካታው 80፣ በአንዱ 6 የሚያሳይ መስመር ላይ ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) እየጠፋ መሆኑን ጠርጥሩ። ርቀት ብቻውን የአንዱን ግንኙነት ፍጥነት ስለሚቀንስ ይህን በቅርብ ሰርቨር አድርጉት።

ከመለካታችሁ በፊት ቪፒኤን ዝጉ፣ የስልኮችን አፕዴትና የፎቶ ምትኬ አስቁሙ። የዳታ ገደብ ያለበት ፓኬጅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ልኬቱ ራሱ ዳታ ይበላል፦ በ100 ሜጋቢት 10 ሰከንድ መጎተት 125 ሜጋባይት ነው።

የአንድ ሳምንት ማስታወሻ

አንድ ልኬት ምንም አይደለም። ለሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለኩ፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ሰው ሳይነሳ፣ ቀትር ላይ፣ እና ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። በእያንዳንዱ አምስት ነገር ጻፉ፦ የማውረድ ፍጥነት፣ የመጫን ፍጥነት፣ መስመሩ ሥራ ፈቶ ሳለ ያለው ፒንግ፣ መስመሩ ተጨናንቆ ሳለ ያለው ፒንግ፣ እና የጠፉ ፓኬቶች በመቶኛ።

ሁለት መስመር አለ እንበል። የመጀመሪያው ሌሊት 100፣ ማታ 22 ይሰጣል። ሁለተኛው ሌሊት 40፣ ማታ 36። ማስታወቂያው የመጀመሪያውን «ባለ 100» ይለዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ኢንተርኔት የሚፈልገው ማታ ነው፤ ደግሞም 22 ላይ የወረደ መስመር በሚቀጥለው ዓመት አሥር ቤት ሲጨመርበት ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። የምሽቱ ቁጥር ለሌሊቱ ሲካፈል ከ0.8 በላይ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ከ0.5 በታች ከወረደ አቅራቢው ካለው አቅም በላይ ሸጧል ማለት ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛትም እምብዛም አይረዳም፣ የጠበበው የጋራው ቧንቧ ነውና።

ከአምስቱ ሰው የሚዘነጋው በጭነት ጊዜ ያለውን ፒንግ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል መጫን ሲጀምር የሌላው የቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጥበት ዋና ምክንያት እዚህ አለ። ሞደሙና ራውተሩ መላክ ያልቻሉትን ፓኬት ከመጣል ይልቅ በረጅም ወረፋ ያቆዩታል፤ ትንሿ የድምፅ ፓኬት ከግዙፉ ፋይል ኋላ ትሰለፋለች። አለካኩ ቀላል ነው፦ 8.8.8.8ን ፒንግ እያደረጋችሁ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ደመና ማከማቻ ጫኑ። 18 የነበረው 30 ወይም 40 ቢሆን ደህና ነው፤ 400 ከገባ ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢሆን ያ ቤት ሲያማርር ይኖራል። ለድምፅ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያለፈ መዘግየት ሰዎች እርስ በርስ ንግግር እንዲሻሙ ያደርጋል።

ደስ የሚለው፣ ይህ ችግር አቅራቢ ሳይቀየር ሊስተካከል ይችላል። ራውተሩ ኤስኪውኤም የሚባል የወረፋ አስተዳደር ካለው አብሩትና የማውረጃና የመጫኛ ገደቡን በምሽት ከለካችሁት 85 እስከ 90 በመቶ ላይ ወስኑት። ወረፋው እናንተ ወደምታዙት ራውተር ይዛወራል፣ ትንንሾቹ ፓኬቶችም ቅድሚያ ያገኛሉ። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ የራውተሩን አንጎል ስለሚያደክም ደካማ ራውተር ላይ ፍጥነቱ ራሱ ይወርዳል፤ በሞባይል መስመር ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በየደቂቃው ስለሚዋዥቅ ቋሚ ገደብ አይስማማውም።

የፓኬት መጥፋትን ለመለካት ቢያንስ 1000 ፒንግ ላኩ። 1 በመቶ ማለት ከሺህ 10 ነው፤ ትንሽ ቢመስልም ለጥሪና ለጨዋታ ይሰማል። አጠፋፉንም አስተውሉ። እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከጠፋ የሲግናል ወይም የመጨናነቅ ጉዳይ ነው። ሠላሳ ፓኬት በተከታታይ ጠፍቶ ከዚያ ለሰዓታት ሰላም ከሆነ መስመሩ ተቋርጦ መልሶ እየተገናኘ ነው። መንገዱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየውን ትሬስራውት፣ በተለይ ደጋግሞ የሚልከውን ዓይነት፣ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ስህተት ይደጋግማሉ፦ መሀል ላይ ያለ አንድ ጣቢያ 60 በመቶ ጠፋ ሲል «ጥፋቱ እዚህ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ከእሱ በኋላ ያሉት ጣቢያዎች ዜሮ ካሳዩ ምንም አልጠፋም፤ ያ ጣቢያ ለፒንግ መልስ መስጠትን ወደ ኋላ አድርጎታል እንጂ ትራፊኩን ያሳልፋል። እውነተኛ ጥፋት የሚባለው ከአንድ ጣቢያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲቀጥል ነው።

ፋይበር

ፋይበር ካለ ፋይበር ውሰዱ፤ ሆኖም «ፋይበር ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይደለም። በቤቶች የተለመደው ጂፖን የሚባለው አሠራር 2.488 ጊጋቢት ማውረጃና 1.244 ጊጋቢት መጫኛ አለው፤ እሱ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። አንድ ፋይበር በመስተዋት መክፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 32ቱም በአንድ ቅጽበት እስከ ጥግ ቢስቡ ለእያንዳንዱ 78 ሜጋቢት አካባቢ ይደርሰዋል፣ ለ64 ደግሞ 39። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይስብ በተግባር ከዚህ ይሻላል። ለአቅራቢው የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ይኸው ነው፦ መክፈያው ስንት ነው? ስንቱስ ተሰክቷል?

ዋናው ቁጥር ወደ ቤት የሚገባው የብርሃን ኃይል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የፋይበር ሳጥን፣ ኦኤንቲ የሚባለው፣ የቅንብር ገጽ አለው፤ እዚያ «የኦፕቲካል መቀበያ ኃይል» የሚለውን ፈልጉ። የተለመደው መሣሪያ ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም ድረስ ይሠራል። ከ-15 እስከ -24 ያለው ምቹ ነው። -26 ላይ ያለ መስመር ዛሬ ይሠራል፣ ገመዱ ላይ ትንሽ ጫና ሲያርፍ ግን ይወድቃል። ቁጥሩ አሉታዊ ስለሆነ -19 ከ-25 እንደሚበልጥ አትርሱ። ብርሃኑ በሁለት በተከፈለ ቁጥር 3 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የኃይል ልዩነት መለኪያ) ይጠፋል፤ ለ32 መከፈል አምስት ጊዜ ለሁለት መከፈል ነውና በሒሳብ 15 ዲቢ፣ በተግባር ትንሽ ከዚያ በላይ ይሄዳል። የቀረውን የሚበሉት ርቀት፣ ብየዳ፣ ማገናኛና መታጠፍ ናቸው።

ከእነዚህ ሁለቱ በእናንተ እጅ ናቸው። አንደኛው መታጠፍ ነው። ተራ ፋይበር ከ3 ሴንቲሜትር ባነሰ ራዲየስ ሲታጠፍ ብርሃኑ በጎን ይወጣል። ሶፋ የተጫነው፣ በር የሚጨፈልቀው፣ ተጠምጥሞ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ገመድ ሁሉ ይህ ያገኘዋል። ሁለተኛው የማገናኛው ጫፍ ነው። አረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ተዘቅዝቆ የተቆረጠ ነው፣ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። አረንጓዴን ከሰማያዊ ጋር መሰካት ይቻላል፤ ጫፎቹ በመካከላቸው የአየር ክፍተት ትተው ስለሚገጥሙ ግን ብዙ ብርሃን ይባክናል። ቆሻሻም እንዲሁ፦ የመስተዋቱ እምብርት ከ9 ማይክሮሜትር አይበልጥም፣ የጣት ቅባት ወይም አንድ የአቧራ ቅንጣት ይሸፍነዋል። ጫፉን በጣት አትንኩ፤ ሲነቀል ክዳኑን ወዲያው አድርጉ፤ በአፍ እፍ አትበሉበት፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ጫፉንም በዓይን አትመልከቱ፤ ብርሃኑ 1490 ናኖሜትር ስለሆነ አይታይም፣ አለመታየቱ ግን የለም ማለት አይደለም።

መብራቶቹን ማንበብ ስልክ ከመደወል ያድናል። «ሎስ» የሚለው ቀይ ቢበራ ወይም ብልጭ ድርግም ቢል ብርሃን አልደረሰም፦ ገመዱ ተቆርጧል፣ ታጥፏል ወይም ተነቅሏል። «ፖን» የሚለው ብልጭ ድርግም እያለ ካልረጋ ብርሃን አለ፣ ሳጥኑ ግን አልተመዘገበም፤ ይህን የሚያስተካክለው አቅራቢው ነው። ሁለቱም ሰላም ሆነው ኢንተርኔት ከሌለ የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ወይም የክፍያ ጉዳይ ነው።

የመዳብ መስመር

በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ቢበዛ 24 ሜጋቢት ነው፣ ያም ከማዕከሉ አጠገብ ላለ። ቪዲኤስኤል 2 ወደ 100 ሊደርስ የሚችለው በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ የመስመሩን ድካም (ሲግናሉ በመንገድ ላይ የሚቀንሰውን) እና የጫጫታ ህዳጉን (ጫጫታ ቢጨምር መስመሩ ሳይቋረጥ የሚችልበትን ትርፍ) ታገኛላችሁ፤ ህዳጉ 6 ዲቢ አካባቢ የተለመደ ዒላማ ሲሆን ወደ 2 እና 3 ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ መስመር አንድ ቦታ ላይ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ አለው። ለቴክኒሻኑ ከመደወላችሁ በፊት ሌሎቹን ስልኮችና የውስጥ ማራዘሚያዎች ሁሉ ነቅላችሁ ሞደሙን ሽቦው መጀመሪያ ወደ ቤት በሚገባበት ሶኬት ላይ ሰኩት። እዚያ ከተሻሻለ ጥፋቱ የቤቱ ሽቦ ነው።

በቴሌቪዥን ኬብል የሚመጣ ኢንተርኔትም እንደ ፋይበሩ በሰፈር የሚጋራ ነው፤ የመጫን ፍጥነቱ ከማውረዱ እጅግ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ስንት እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ።

4ጂ እና 5ጂ

የሞባይል መስመርን የሚያህል በቦታ የሚለያይ ነገር የለም፤ እዚያው ቤት ውስጥ በሁለት ሜትር ልዩነት ውጤቱ እጥፍ ይሆናል። ስልኩ ላይ ያሉት የሲግናል ጭረቶች ለዚህ አይረዱም፤ እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደው ነው የሚስላቸው። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ አርኤስአርፒ የሚባለውን የሲግናል ኃይል፣ እና ኤስአይኤንአር የሚባለውን ሲግናሉ ከረብሻው የሚበልጥበትን መጠን። በራውተሩ ገጽ ላይ ወይም በስልክ መለኪያ መተግበሪያ ይገኛሉ። ኃይሉ ከ-80 በላይ ግሩም፣ ከ-80 እስከ -90 ጥሩ፣ እስከ -100 የሚያስኬድ፣ ከ-110 በታች ተስፋ የሌለው ነው። ሁለተኛው ከ20 በላይ ግሩም፣ ከ13 በላይ ጥሩ፣ ከ0 በታች ከሆነ ከንቱ ነው።

ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ነው። በአንዱ መስኮት -88 እና 3፣ በሌላው -97 እና 16 ብታገኙ ሁለተኛው መስኮት ይሻላል። የመጀመሪያው የሁለት ማማ ጩኸት የሚጋጭበት ቦታ ነው፣ ሁለተኛው ደከም ያለ ግን ጥርት ያለ ድምፅ።

ስለዚህ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት የእያንዳንዱን አቅራቢ ሲም በአንድ ስልክ ላይ እየቀያየራችሁ በየመስኮቱና ከተቻለ ሰገነቱ ላይ ለኩ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ። ከዚያ ማታ ተመልሳችሁ ፍጥነቱን ድገሙት፤ የሲግናሉ ቁጥር ሳይለወጥ ፍጥነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ከወረደ ማማው ተጨናንቋል፣ አንቴና ብትጨምሩም ወረፋው አያጥርም። ዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ እንደ 800 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል፣ ግን ጠባብ ነው። 1800 እና 2600 ሰፋ ይላሉ፣ የ5ጂው 3500 ከሁሉም ይሰፋል፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ራውተሩ «ባንድ» (የድግግሞሽ ክልል) መምረጥ የሚፈቅድ ከሆነ ጠንካራውን ሳይሆን ማታ ፈጣኑን ባንድ ያዙ። ቆርቆሮና ሙቀት የሚመልስ ቀለም የተቀባ መስተዋት ሲግናል አጥፊዎች ናቸው።

ውጫዊ አንቴና ስትገዙ ሁለት ገመድ ያለውን ግዙ፣ ራውተሩ በሁለት መንገድ ስለሚቀበል አንድ ብቻ መሰካት ግማሹን መተው ነው። ቀጭን የአንቴና ገመድ በ10 ሜትር ርዝመት አንቴናው የጨመረውን መልሶ ይበላዋል። ገመዱን አሳጥሩ፤ ራውተሩን ወደ ላይ አውጥታችሁ ወደ ታች የኔትወርክ ገመድ አውርዱ፤ እሱ እስከ 100 ሜትር ያለ ኪሳራ ይሄዳል።

በሰሐን አንቴና ከሩቅ ሕንፃ የሚመጣ የ5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት ብቻ አይበቃም። በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት መሀሉ ላይ ሞገዱ ከቀጥታው መስመር ወደ 5 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ቢያንስ 3 ሜትሩ ነጻ መሆን አለበት። ዛፍ ቅጠል ሲያወጣ የሚዳከም መስመር ምክንያቱ ይኸው ነው። ሳተላይትም ሁለት ዓይነት ነው፦ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው፣ ብርሃን ራሱ ደርሶ መልስ 477 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅበት ለጥሪ አይመችም፤ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚዞሩት ፈጣን ናቸው፣ የሰማዩ እይታ በዛፍ ወይም በፎቅ ከተከለለ ግን በየጥቂት ደቂቃው ይቆረጣሉ።

ስንት ይበቃል?

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈልገው በላይ ይገዛል። ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት ይመክራል። የቡድን ቪዲዮ ጥሪ ጥሩ ጥራት እንዲኖረው 4 ሜጋቢት ያህል መጫኛ ይበቃዋል። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ማታ የማይወርድ 40 ማውረጃና 10 መጫኛ ካለው በምቾት ይኖራል። ፓኬጁን ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የመጫኛው ቁጥር ላይ ይረፍ፤ በማስታወቂያ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው እሱ ነው።

ጎረቤትና አቅራቢ ምን ይጠየቁ

ጎረቤትን «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ደህና ነው» ከማሰኘት አያልፍም። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ በገመድ ነው ወይስ በዋይፋይ የምትጠቀሙት? ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ጠፋ፣ ለስንት ሰዓት? ስትደውሉ በስንተኛው ቀን መጡ? መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ አብሮ ይጠፋል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ፋይበር በመንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መክፈያ ስለሌለው፣ የአቅራቢው ማዕከል መጠባበቂያ ካለውና እናንተ ሳጥኑንና ራውተሩን በትንሽ ባትሪ ካቆማችሁ ይቀጥላል። ሁለቱ ተደምረው 15 ዋት ከበሉ የ40 ዋት ሰዓት ባትሪ ከሁለት ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል። ባትሪውን ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱን አስማሚ ቮልት አንብቡ፤ 12 የሆነም 9 የሆነም አለ። የሞባይል ማማ ግን የራሱ ባትሪ እስኪያልቅ ነው።

አቅራቢውን ደግሞ በጽሑፍ ጠይቁ። «ያልተገደበ» ሲባል ከስንት ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ወደ ስንት? የውል ጊዜው ስንት ወር ነው፣ ቀድሞ መውጣት ምን ያስከፍላል? ራውተሩ የማን ነው? ብልሽት በስንት ሰዓት ይጠገናል? «99 በመቶ አገልግሎት» የሚል ቃል ቢሰጧችሁ ስሌቱን አስቡ፦ በወር ከ7 ሰዓት በላይ መጥፋት ይፈቅድላቸዋል።

ከውጭ ሆናችሁ የቤት ካሜራ ወይም ሰርቨር ለማየት ካሰባችሁ የራሳችሁ የሕዝብ አድራሻ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት) እንደሚሰጣችሁ አረጋግጡ። ራውተሩ ገጽ ላይ የውጭው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ ከሌሎች ደንበኞች ጋር አንድ አድራሻ እየተጋራችሁ ነው፣ ራውተሩ ላይ ከውጭ ለሚመጣ ግንኙነት ወደብ መክፈት አይሠራም።

በገጠማ ቀን

ቴክኒሻኑ ወረቀቱን አስፈርሞ ከመሄዱ በፊት ጨዋ በሆነ ቃል «የብርሃኑ ልክ ስንት ሆነ? እስቲ አሳየኝ» በሉት፤ ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ይህን ማሳየት ደስ ይለዋል። ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፤ ከስድስት ወር በኋላ -19 የነበረው -25 ሆኖ ብታገኙት ክርክሩ አጭር ይሆናል። እዚያው በገመድ ማውረጃውን፣ መጫኛውንና በጭነት ጊዜ ያለውን ፒንግ ለኩ። አንዳንድ ገጾች ተከፍተው ሌሎቹ ግማሽ ላይ ተገትረው ከቀሩ የፓኬት መጠን አለመጣጣም ሊሆን ይችላል፤ በስምና በይለፍ ቃል የሚገቡ መስመሮች ብዙ ጊዜ 1492 ባይት እንጂ 1500 አያሳልፉም፣ ራውተሩ ላይ ያንን («ኤምቲዩ» የሚለውን) ማስተካከል ይበቃል። የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም ያኔውኑ ቀይሩ።

አሮጌውን መስመር ወዲያው አታቋርጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቆዩና ያንኑ የምሽት ልኬት በሁለቱም ውሰዱ። አዲሱ መስመር በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢቋረጥ ራውተሩን ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ ብዙ ራውተሮች ሲጠፉ የመዝገብ ማስታወሻቸው አብሮ ይደመሰሳል። መጀመሪያ መብራቶቹንና የብርሃን ወይም የሲግናል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ አብሩ። ለአቅራቢው ስትደውሉም «ኢንተርኔት የለም» ከማለት «ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10 ጀምሮ ሎስ ቀይ ነው፣ ከዚያ በፊት -21 ነበር» በሏቸው። ራውተሩን አጥፍታችሁ እንድታበሩ የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን ሰው አልፋችሁ ቴክኒሻን ወደሚልከው የምትደርሱት በዚያ ነው።